«ዩኔስኮ መዝግቦታል» ሲባል ምን ማለት ነው? መስፈርት፣ ወሰን፣ የአደጋ መዝገብ እና የድንጋይ ጥገና

ሽምብራ ጠየቀ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአስጎብኚዎች ሥልጠና የሚሆን ነገር ነውና ሦስት ነገር አጥሩልኝ። አንደኛ፣ ኢትዮጵያ በዩኔስኮ ያስመዘገበችው ስንት ነው? አንዱ ጽሑፍ 9፣ ሌላው 12፣ ሌላው 17 ይላል። ሁለተኛ፣ ስሜን ተራሮች «ከአደጋ መዝገብ ወጣ» ሲባል ቀድሞ ተሰርዞ ነበር ማለት ነው? ሦስተኛ፣ የላሊበላው መጠለያ ጊዜያዊ ነው ተብሎ ተሠርቶ እስካሁን ለምን አልተነሣም? ሰነዶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆኑ ዓመቱን በዚያው ጻፉልኝ።

መዝገብ ያዥ መለሰ፦
ቁጥሩ የሚዘበራረቀው የተለያዩ መዝገቦች ስለሚደመሩ ነው። ዩኔስኮ የቤቱ ስም ነው። ቤቱ ውስጥ ያሉት መዝገቦች ግን ሕጋቸውም ኮሚቴያቸውም ለየቅል ነው።

የዓለም ቅርስ መዝገብ የሚባለው በ1972 ፓሪስ ላይ በጸደቀው ስምምነት የሚመራው ነው። የሚመዘግበው ቦታን ብቻ ነው፤ ካርታ ላይ መስመር ሊሰመርለት የሚችል ቦታ። ኢትዮጵያ ስምምነቱን የተቀበለችው በ1977 ሲሆን እስካሁን 12 ቦታ አላት፦ ስሜን ተራሮችና ላሊበላ (1978)፣ ፋሲል ግቢ (1979)፣ አክሱም፣ የታችኛው አዋሽ፣ የታችኛው ኦሞና ጢያ (አራቱም 1980)፣ ሐረር ጁገል (2006)፣ ኮንሶ (2011)፣ የጌዴኦ መልክዐ ምድርና የባሌ ተራሮች (2023)፣ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት (2024)። 9 የሚለው ጽሑፍ ከ2023 በፊት የተጻፈና ያልታደሰ ነው።

መስቀል (2013)፣ ፍቼ ጫምባላላ (2015)፣ ገዳ (2016)፣ ጥምቀት (2019) እና ሹዋሊድ (2023) የማይዳሰሱ ቅርሶች ናቸው። የሚተዳደሩት በ2003ቱ ስምምነት ነው። 17 የምትለዋ ቁጥር እነዚህን አምስቱን ከ12ቱ ጋር ደምራ የመጣች ናት። ካፋ፣ ያዩ፣ ሸካ፣ ጣናና ማጃንግ ደግሞ ባዮስፌር ሪዘርቭ (ተፈጥሮው እየተጠበቀ ሰው አብሮ የሚኖርበት አካባቢ) ናቸው፤ እሱ ስምምነት ሳይሆን ፕሮግራም ነው። የጽሑፍ ቅርሶችም የራሳቸው መዝገብ አላቸው።

ለአስጎብኚ የሚጠቅመው ይቺ ናት፦ የጣና ገዳማት የዓለም ቅርስ አይደሉም። ሐይቁ በ2015 ባዮስፌር ሪዘርቭ ሆኗል፣ ያ ሌላ ነገር ነው። ሶፍ ዑመር ዋሻም በጊዜያዊ መዝገብ ላይ ነው ያለው፤ ጊዜያዊ መዝገብ ማለት አገሪቱ ራሷ «ወደፊት አቀርበዋለሁ» ብላ የያዘችው ዝርዝር ነው።

ቆላ ደጋ መለሰ፦
«ኢትዮጵያ በዓለም ቅርስ ብዛት ከአፍሪካ አንደኛ ናት» የምትለዋንም አባባል አርሟት። ደቡብ አፍሪካም 12 አላት፣ እኩል ናቸው።

ሽምብራ፦
እሺ፣ ይቺ በየፖስተሩ ላይ አለች። የመጀመሪያዎቹ 12 ውስጥ ነበርን የሚባለውስ?

መዝገብ ያዥ፦
እሱ እውነት ነው። በ1978 መዝገቡ ሲከፈት የገቡት 12 ቦታዎች ናቸው፤ ከመካከላቸው ሁለቱ፣ ስሜንና ላሊበላ፣ የኛ ናቸው። ሌሎቹ ጋላፓጎስና ኪቶ (ኢኳዶር)፣ የሎውስቶንና ሜሳ ቨርዴ (አሜሪካ)፣ ናሃኒና ላንስ ኦ ሜዶውስ (ካናዳ)፣ ክራኮውና የቪየሊችካ የጨው ማዕድን (ፖላንድ)፣ የአኽን ካቴድራል (ጀርመን)፣ ጎሬ ደሴት (ሴኔጋል) ናቸው። በ2025 አጋማሽ መዝገቡ 1,248 ደርሷል።

የካርታ ሰው መለሰ፦
ከቁጥሩ ይልቅ መስፈርቱን ብታስተምሯቸው ይሻላል። መስፈርቶቹ 10 ናቸው። ከ1 እስከ 6 ባህላዊ፣ ከ7 እስከ 10 የተፈጥሮ። አንዱን ማሟላት ይበቃል፤ ግን ቦታው ያልተጓደለ፣ ያልተቀየረና በሕግና በአስተዳደር የሚጠበቅ መሆኑ አብሮ መታየት አለበት።

መስፈርቱ የማዕረግ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ምን ቢጠፋ ቅርሱ እንደሚፈርስ የሚናገረው እሱ ነው። ስሜን የገባው በ7 እና በ10 ነው። 7 ውበቱ ነው፤ ገደሉ፣ ሸንተረሩ። 10 ደግሞ ብርቅዬ ዝርያዎች ናቸው፤ ዋሊያ፣ ቀይ ቀበሮ። ገደሉ የትም አይሄድም፣ ዋሊያ ግን ሊጠፋ ይችላል። ዋሊያ ከሌለ ገደሉ ብቻውን መስፈርት 10ን አይሸከምም።

ኮንሶን ውሰዱ፤ የገባው በ3 እና በ5 ነው። ያለ ጭቃ የተካበው የእርከን ግንብ አንዳንድ ቦታ እስከ 5 ሜትር ይቆማል። መስፈርት 5 የሚያየው ግን ሰዉ ከመሬቱ ጋር የኖረበትን መንገድ ነው። እርሻው ቀርቶ ግንቡ ብቻ ቢቆም ባዶ ቅርፊት ነው። የደረቅ ካብ ዘበኛው አራሹ ነው፤ ክረምት ያፈረሰውን አንድ ድንጋይ በዚያው ወር የሚመልስ ሰው ከሌለ ጎርፉ በዚያች ቀዳዳ ገብቶ ከሥሩ ያለውን እርከን ይዞ ይወርዳል።

እርጎ ዝንብ መለሰ፦
ጣልቃ ልግባ። ማን ነው የሚወስነው? ባለሙያዎቹ ናቸው ወይስ ፖለቲከኞቹ?

መዝገብ ያዥ፦
ሁለቱም፣ በቅደም ተከተል። አካሄዱ በአጭሩ እንዲህ ነው።

ቦታው መጀመሪያ ቢያንስ አንድ ዓመት በጊዜያዊ መዝገብ ላይ መቆየት አለበት። በ2021 ደግሞ «ቅድመ ግምገማ» የሚባል ደረጃ ተጨምሯል፤ የማመልከቻ ዶሴው ሙሉ ሆኖ ከመጻፉ በፊት የኮሚቴው አማካሪ ድርጅቶች በወረቀት አይተው «ይህ ያስኬዳል፣ ይህ አያስኬድም» ይላሉ። ለብዙ ድሃ አገሮች ጥሩ ነው፤ ለማይሳካ ዶሴ የሚጠፋውን ገንዘብና ዓመታት ያድናል።

ሙሉ ዶሴ በፈረንጅ እስከ ፌብሩዋሪ 1 ፓሪስ መድረስ አለበት። ረቂቁን ከዚያ በፊት ባለው ሴፕቴምበር 30 ድረስ በፈቃደኝነት ልኮ ማሳየት ይቻላል፤ ብልህ አገር ይህን አይዘልም። ከዚያ ከአማካሪዎቹ የባህል ከሆነ አይኮሞስ (የቅርስ ባለሙያዎች ድርጅት)፣ የተፈጥሮ ከሆነ አይዩሲኤን (የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት) ባለሙያ ወደ ቦታው ይልካል። ውሳኔው የሚሰጠው በተከታዩ ዓመት ክረምት ላይ ነው፤ ከዶሴ እስከ ውሳኔ አንድ ዓመት ተኩል ገደማ። ወሳኙ 21 አባል አገሮች ያሉበት ኮሚቴ ነው፤ እርጎ ዝንብ ያልከው ፖለቲካ የሚገባው እዚህ ነው። አንድ አገር በዓመት ከአንድ ዶሴ በላይ ማቅረብ አይችልም፣ በጠቅላላው የሚታየውም 35 ነው።

የኮሚቴው መልስ አራት ዓይነት ነው፦ ይመዝገብ፤ መረጃ ተሟልቶ ይምጣ፤ እንደገና ይሠራና ይምጣ፤ አይመዘገብም። ሁለተኛውና ሦስተኛው በዜና ላይ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፣ ልዩነታቸው ግን ትልቅ ነው። «መረጃ ይሟላ» የተባለ በ3 ዓመት ውስጥ ያለ አዲስ የባለሙያ ጉብኝት ይመለሳል። «እንደገና ይሠራ» የተባለ ግን ዶሴው ተጽፎ፣ ባለሙያ ዳግም መጥቶ ያያል። «አይመዘገብም» ከመጣ አዲስ ግኝት ካልተገኘ በስተቀር በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ስለዚህ ብዙ አገሮች ሽታው ሲመጣ ዶሴውን ራሳቸው ይስባሉ።

የካርታ ሰው፦
ዶሴ የሚወድቀው በብዛት በታሪኩ ድክመት አይደለም፤ በሁለት ነገር ነው። አንዱ ንጽጽር ነው። «የኛ ትልቅ ነው» አይበቃም፤ ቀደም ብለው ከተመዘገቡት ተመሳሳዮች ጎን ተቀምጦ በምን እንደሚለይ መታየት አለበት። ሌላው ካርታ ነው። የቅርሱ ወሰን አንድ መስመር፣ በዙሪያው ያለው በፈር ዞን ሌላ መስመር፣ ሁለቱም በሕግ የጸደቁ። በፈር ዞን የቅርሱ አካል አይደለም፤ ግን እዚያ የሚሠራ ነገር ቅርሱን እንዳይጎዳ የሚገድብ ደንብ ያስፈልገዋል። በወረቀት ያለ በመሬት ግን ድንጋይ ያልተተከለለት ወሰን አስር ዓመት ሳይሞላው እርሻ ይሆናል።

ሽምብራ፦
ወደ ስሜን እንመለስ። ተሰርዞ ነበር?

ዋሊያ ገደል መለሰ፦
አልተሰረዘም። በስምምነቱ አንቀጽ 11 ንዑስ 4 «በአደጋ ላይ ያሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ» የሚባል አለ። ቦታው ዋናው መዝገብ ላይ እንዳለ ሆኖ እዚህም ይጻፋል። ሐሳቡ ቅጣት ሳይሆን የድረሱልኝ ጥሪ ነው። በተግባር አገሮች እንደ ስድብ ይቆጥሩታል፣ ያ እውነት ነው፤ ስሜንም በ1996 ሲገባ እዚህ አገር ቅሬታ ነበረ።

ለምን ገባ? የዋሊያው ቁጥር ወርዶ ነበር፣ ቀይ ቀበሮው ሳስቶ ነበር፣ እርሻና ግጦሽ ፓርኩ ውስጥ ዘልቆ ነበር፣ ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን የሚሄደው መንገድም ፓርኩን አቋርጦ ያልፍ ነበር። በኋላ ለመውጣት የተቀመጡት መለኪያዎች ሲጠቃለሉ አራት ናቸው። ዳር ያሉ መንደሮች ውጪ እንዲቀሩ ወሰኑ እንደገና እንዲሰመር፤ ፓርኩ ቢያንስ የመሳርሪያና የሊማሊሞ አካባቢዎችን እንዲጨምር፤ በውስጡ ያለው የሰው ጫና በዘላቂነት እንዲቀንስ፤ በሰፋው ፓርክ ውስጥ የበዛ የዋሊያና የቀይ ቀበሮ ቁጥር እንዲጠበቅ። በኋላ የግጦሽ ቅነሳ ዕቅድና ለነዋሪው ሌላ መተዳደሪያ ማዘጋጀት ዋና ጉዳይ ሆኑ። ከፓርኩ ውጪ የሚያልፍ ተለዋጭ መንገድም ተሠራ።

በመዝገብ ሲገባ ስፋቱ 13,600 ሄክታር ነበር። ብሔራዊ ፓርኩ እስከ ራስ ደጀን ድረስ ሰፍቶ 41,200 ሄክታር ደረሰ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አለ፦ አገሪቱ ፓርኩን ስታሰፋ የዓለም ቅርሱ ወሰን አብሮ አይሰፋም። ለኮሚቴው የተለየ ማመልከቻ መቅረብ አለበት፤ ለውጡ ትልቅ ከሆነ እንደ አዲስ ዶሴ ይታያል።

በ2017 ጁላይ ላይ ከአደጋ መዝገብ ወጣ። ስብሰባው የተደረገው ክራኮው ነበር፤ ከስሜን ጋር በ1978 አብራ በተመዘገበችው ከተማ።

ቆላ ደጋ፦
ፓርኩ ውስጥ ስለነበረው የጊች መንደር ግን ዝም አልክ። በ2016 ከ400 በላይ አባወራ ከመንደሩ ተነሥቶ ደባርቅ ዳር ሰፍሯል። ለዋሊያ ሲባል ሰው ከአያቱ ርስት ይነሣ የሚለውን «መለኪያ ተሟላ» ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ጊች ገብስ የሚያበቅል አገር ነው፤ ደጋ ላይ ገብስና በግ የሚያውቅ ሰው ከተማ ዳር ምን ይሠራል?

ዋሊያ ገደል፦
ልክ ነህ፣ መባል ነበረበት። አንድ ነገር ግን እንለይ። የመጀመሪያው መለኪያ መንደሮቹን ማስነሣት ሳይሆን መስመሩን ማንሣት ነበር፤ ዳር ያሉት መንደሮች በዚያ ተፈቱ። ጊች ግን ዳር ሳይሆን መሐል ነው፤ ቀይ ቀበሮው አይጥ የሚያድንበት አምባ ላይ። ከብቱና ውሻው ችግር የሚሆነው እዚያ ላይ ነው። ውሻ የእብድ ውሻ በሽታን ለቀይ ቀበሮ ያስተላልፋል፤ ከብት ሣሩን አሳጥሮ አፈሩን ሲጠቀጥቅ አይጡ ጉድጓድ ያጣል። ማስነሣቱ ትክክል ነበር ወይ የሚለው የሚመዘነው በካሣውና ሰዎቹ ከዚያ በኋላ በሚኖሩት ኑሮ ነው፤ እዚያ ላይ አንተ ያነሣኸው ጥያቄ ክፍት ነው። ለአስጎብኚው ግን ምክሬ፣ ጊችን ሲያልፉ «እዚህ መንደር ነበር» ብለው ይናገሩ። የቤቶቹ ፍርስራሽ ሲታይ እንግዳው መጠየቁ አይቀርም።

እርጎ ዝንብ፦
እሺ፣ ከአደጋ መዝገብ ሳይወጣ ጨርሶ የተሰረዘስ አለ?

መዝገብ ያዥ፦
ሙሉ በሙሉ የተሰረዙት ሦስት ናቸው።

የኦማን የዓረብ ኦሪክስ (ሳላ) መጠበቂያ፣ 2007። ኦማን ነዳጅ ፍለጋ ብላ ክልሉን በ90 በመቶ ቀነሰችው። ኦሪክሱ በ1996 450 የነበረ 65 ደረሰ፤ ሊዋለዱ የሚችሉት ጥንዶች አራት ገደማ ነበሩ። ይህ በአደጋ መዝገብ እንኳ ሳያልፍ ነው የተሰረዘው።

በጀርመን የድሬስደን የኤልቤ ሸለቆ፣ 2009። የተመዘገበው በ2004፣ አደጋ መዝገብ ላይ የገባው በ2006። ምክንያቱ አራት መስመር ያለው ድልድይ ነው። ከተማው ሕዝቡን በድምፅ ጠይቆ ነበር፣ ሕዝቡም ድልድዩን መረጠ። በዋሻ እንዲሻገር ሐሳብ ቀርቦ ነበር፣ አልሆነም። ድልድዩ በ2013 ተከፈተ።

ሊቨርፑል፣ 2021። የቀድሞው የወደብ ዳርቻ ላይ በታቀደው ግዙፍ ግንባታና በአሮጌው የመርከብ ማቆሚያ ላይ ሊሠራ በታሰበው የእግር ኳስ ስታዲየም ምክንያት። ከ2012 ጀምሮ አደጋ መዝገብ ላይ ነበር።

ከነዚህ ሌላ የጆርጂያው ባግራቲ ካቴድራል በ2017 ከመዝገቡ ወጥቷል፤ ግን አብሮት የተመዘገበው የጌላቲ ገዳም ስለቀረ እንደ ሙሉ ስረዛ አይቆጠርም። ባግራቲ የጠፋው በጥፋት ሳይሆን በማደስ ነው፤ ፍርስራሹን እንደ አዲስ ሠርተው ጨረሱት። እኛ አገር «እናሳምረው» ለሚሉ ሁሉ መነገር ያለበት ይሄኛው ነው።

የካርታ ሰው፦
በጥሩ ጎኑ የሠራውን ደግሞ ልጨምር። የሎውስቶን በ1995 አደጋ መዝገብ ላይ ገባ። የወርቅ ማዕድኑ ሊወጣ የታሰበው ከፓርኩ ወሰን ውጪ ነበር፤ ግን መርዛማው ዝቃጭ በውሃ ወደ ውስጥ ሊወርድ ይችላል ተባለ። መንግሥት ከኩባንያው ጋር ተደራድሮ ማዕድኑ ቀረ፣ ፓርኩም በ2003 ወጣ። የኬንያው የቱርካና ሐይቅ ፓርኮች በ2018 ሲገቡ ደግሞ ምክንያቱ ከድንበሩ ወዲህ ያለው የኛ ጊቤ 3 እና የስኳር እርሻው ነበር። መስመሩ ቱርካና ላይ ቢሰመርም ውሃው ከኦሞ ነው የሚወርደው።

ሽምብራ፦
ላሊበላው ቀረ።

ግንበኛው መለሰ፦
መጠለያዎቹ አራት ሲሆኑ አምስት አብያተ ክርስቲያናትን ይሸፍናሉ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ተሠርተው የቆሙት በ2008 ነው። ለጊዜው ተብለው የተሠሩ ስለሆኑ ክርክሩ ያልሞተው በዚህ ነው። ብረቱ ከባድ ነው፤ ንፋስ ሲነሣ መጠለያው ወደ ላይ መሳብ ይፈልጋል፣ ያ ኃይል ደግሞ በምሰሶው በኩል ወደ ድንጋዩ አካባቢ ይወርዳል።

«ለምን አይነሣም?» የሚለውን ለመመለስ ግን ድንጋዩን ማየት ያስፈልጋል። የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ቀዳዳ የበዛበት፣ ለስላሳ፣ ውሃ የሚጠጣ። ዝናብ ጣሪያው ላይ ሲቆም በስንጥቁ ይገባል። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይጨማደዳል፤ ይህ ሲመላለስ ፊቱ እንደ ቂጣ እየተቀረፈ ይወድቃል። ጣሪያውን ከዝናብ ብትጋርደውም ግድግዳው ከሥር፣ ከጉድጓዱ ወለል፣ ውሃ ወደ ላይ ይስባል። ስለዚህ መጠለያ ግማሹን ችግር ነው የሚፈታው። ስንጥቁ ሳይደፈን መጠለያው ቢነሣ ደግሞ የሚቀጥለው ክረምት በደረቀው ድንጋይ ላይ በአንድ ጊዜ ይወርድበታል።

ቅደም ተከተሉ ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ የጉድጓዱ ወለል የውሃ መውረጃ ይጠረግ፣ የድሮው ቦይ ቁልቁለቱ ይመለስ። ከዚያ የጣሪያው ስንጥቅ ይሞላ። ከዚያ የጣሪያው ፊት ውሃ ሳይቋጥር እንዲያፈስ ይስተካከል። መጠለያው የሚነሣው መጨረሻ ላይ፣ ያውም አንዱ ተነሥቶ ቢያንስ አንድ ክረምት ታይቶ ነው። በቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል እና በቤተ ጎልጎታ ወሚካኤል ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ በተባለው የቅርስ ጥገና ድርጅት በኩል የተሠራው ሥራ ያሳየው ድንጋዩን ራሱን መጠገን እንደሚቻል ነው።

እርጎ ዝንብ፦
ስንጥቁን በስሚንቶ መድፈን ምን ችግር አለው? ጠንካራ አይደለም?

ግንበኛው፦
ችግሩ እሱ ነው፤ ከድንጋዩ ይጠነክራል። ስሚንቶ ውሃ አያስተላልፍም። ከኋላ የገባው እርጥበት በስሚንቶው መውጣት ሲያቅተው በጎን በድንጋዩ በኩል ይወጣል፣ ጨው ይዞ ይመጣል፣ ጨው ሲደርቅ እየተቆረጠመ የድንጋዩን ፊት ይገፋዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ስሚንቶው ሳይነካ ዳር ዳሩ ይረግፋል፤ ድድ የሸሸው ጥርስ ይመስላል። በላሊበላ ቀድሞ የተቀባው ሬንጅና ቀለምም እንዲሁ ውሃ አፍኖ ነበር፤ በ1960ዎቹ በጣሊያናዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጀሊኒ የተመራው የጥገና ሥራ ያን ማንሣት ነበረበት። በፋሲል ግቢም በጣሊያን ጊዜና ከዚያ ወዲያ የተለጠፈው ስሚንቶ በ1970ዎቹ ተነሥቶ በኖራ ተተክቷል።

በኖራ የሚሠራው እንዲህ ነው። ያልበረደው (ተቃጥሎ ገና ውሃ ያልነካው) ኖራ ወደ ውሃ ይጨመራል፤ ውሃውን ኖራው ላይ ማፍሰስ አይቻልም፣ ፈልቶ ዓይን ያጠፋል፣ መነጽርና ጓንት ግዴታ ነው። የበረደው የኖራ ሊጥ ቢያንስ ሦስት ወር ከላዩ ውሃ ቋጥሮ ይቀመጥ። ከዚያ አንድ እጅ ኖራ በሦስት እጅ ታጥቦ የደረቀ፣ ሹል ሹል ጠርዝ ያለው አሸዋ። የወንዝ ድቡልቡል አሸዋ አይያያዝም። ስንጥቁ በብሩሽ ተጠርጎ በውሃ ይረጥባል፤ ደረቅ ድንጋይ የምርጉን ውሃ ጠጥቶ ያደርቀዋል፣ ምርጉም እንደ አቧራ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ከ15 ሚሊ ሜትር በላይ አይሞላም፤ ጥልቅ ከሆነ በንብርብር፣ አንዱ ሲጠብቅ ሌላው። ከዚያ ቢያንስ አንድ ሳምንት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ይቆያል። ኖራ በመድረቅ አይጠነክርም፤ ከአየር የካርቦን ጋዝ ስቦ ነው ወደ ድንጋይ የሚመለሰው፣ ለዚያ ደግሞ እርጥበት ይፈልጋል። ፀሐይ ላይ የተሠራ የኖራ ሥራ ሁሉ የሚበላሸው በዚህ ነው። በደንብ የተሠራ ምርግ ደግሞ ድንጋዩ ከሚያልቅ እሱ ቀድሞ ያልቃል፤ ግንበኛው ተመልሶ ይሞላዋል።

ግን ከመድፈኑ በፊት ስንጥቁ የሚንቀሳቀስ ነው ወይ መባል አለበት። ቀላሉ ዘዴ ስንጥቁን አቋርጦ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝም ቀጭን የጅብሰም ማኅተም መለጠፍና ቀኑን መጻፍ ነው፤ ከተሰበረ ድንጋዩ ተንቀሳቅሷል። ስንት እንደተንቀሳቀሰ ለማወቅ ግን በግራና በቀኝ ሚስማር ተክሎ በካሊፐር መለካት ይሻላል። ልኬቱ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ፀሐይ ሳይመታው ጠዋት ይሁን፤ ድንጋይ በሙቀት ይለጠጣልና የጠዋቱን ከከሰዓቱ ካነጻጸርህ የሌለ እንቅስቃሴ ታያለህ። አንድ ሙሉ ዓመት ሳይለካ የሚወሰን ነገር የለም። ይህን ሁሉ ደግሞ ማንም ተነሥቶ ቅርስ ላይ እንዲሞክር አይደለም የምጽፈው፤ ሚስማሯ እንኳ በቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድና በባለሙያ እጅ ነው።

ቆላ ደጋ፦
የኖራውን ልብ በሉ። በየደብሩ አሁን የሚታየው የሴራሚክ ወለልና የስሚንቶ ምርግ ነው። ምእመኑ በበጎ ልብ ነው የሚያዋጣው፣ ጉዳቱ ግን ከአንድ ትውልድ ዝናብ ይበልጣል።

ሽምብራ፦
አንድ ሰው ቅርሱ አጠገብ ግንባታ ሲጀመር ቢያይ የት ይናገራል? አስጎብኚዎቹ በጣም የሚጠይቁት ይህን ነው።

መዝገብ ያዥ፦
መጀመሪያ ለአገር ውስጥ፦ የባህል ከሆነ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንና ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ የተፈጥሮ ከሆነ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን። በጽሑፍ ይሁን፣ ቀን ያለበት ቅጂ ይያዝ።

ከዚያም ለዓለም ቅርስ ማዕከል (የስምምነቱ ጽሕፈት ቤት)፣ ፓሪስ፣ መጻፍ ይቻላል። የዓለም ቅርስ ስምምነቱ የአሠራር መመሪያ አንቀጽ 174 ሦስተኛ ወገን የላከውን መረጃ ማዕከሉ ወደ አገሪቱ መንግሥት ልኮ ማብራሪያ እንዲጠይቅ ይላል። አንቀጽ 172 ደግሞ ትልቅ ጥገና ወይም አዲስ ግንባታ ሲታሰብ መንግሥት ውሳኔ ሳይሰጥ በፊት ለኮሚቴው እንዲያሳውቅ ይጠብቃል። «ሳይነገር ተጀመረ» ማለት ከቻላችሁ ጉዳዩ ክብደት ያገኛል።

የሚላከው አጭር ይሁን። የቦታው ስምና የመዝገብ ቁጥር (ላሊበላ 18፣ ስሜን 9፣ አክሱም 15፣ ፋሲል ግቢ 19)። ከስልክ ላይ የተነበበ የቦታ መለኪያ። ፎቶ ከቀን ጋር፤ አንዱ ከሩቅ ቅርሱና ግንባታው አብረው የሚታዩበት፣ አንዱ ከቅርብ ሰው ወይም ሜትር አጠገቡ የቆመበት። ከሁሉም በላይ የትኛውን መስፈርት እንደሚነካ አንድ ዓረፍተ ነገር። «ቅርሳችን እየጠፋ ነው» የሚል ሦስት ገጽ እንባ ፋይል ውስጥ ይተኛል፤ «በፈር ዞን ውስጥ ባለ አራት ፎቅ መሠረት ተቆፍሯል» የሚለው ግን መልስ ይጠየቅበታል። ስማችሁ እንዳይገለጥ ከፈለጋችሁ ደብዳቤው ላይ ጻፉት።

እርጎ ዝንብ፦
በፈር ዞን ውስጥ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

የካርታ ሰው፦
በማዕከሉ ድረ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ገጽ አለው፤ ካርታና ሰነድ የሚሉትን ክፈት። ለቀድሞዎቹ፣ ከ1978 እስከ 1980 ለተመዘገቡት፣ ያኔ የተላከው ካርታ ሻካራ ነው፣ አንዳንዱ በፈር ዞን ጨርሶ አልነበረውም። ስለዚህ በኋላ የተላኩትን የወሰን ማብራሪያዎች ፈልግ። ካርታውን ሳታይ «ውጪ ነው» አትበል። ፋሲል ግቢ ሲባል ሰዉ የሚያስበው ጎንደር መሐል ያለውን ቅጥር ነው፤ ምዝገባው ግን ስምንት ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ፣ የፋሲል መዋኛ፣ ቁስቋም አሉበት፤ ጎርጎራም አለበት።

ሽምብራ፦
ጎርጎራም? እሱ ሐይቁ ዳር አይደል?

የካርታ ሰው፦
አዎ። ከዚያም እንፍራንዝ አጠገብ ያለው የጉዛራ ቤተ መንግሥት። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስትወርድ ኮረብታው ላይ የሚታየው፣ ያው በቁጥር 19 ውስጥ ነው። አጠገቡ የሚቆፈር ድንጋይ ፋሲል ግቢ ላይ እንደሚቆፈር ነው የሚቆጠረው።